ከተቃጠለው ሸሚዝ የተረፈው

ጥቅምት 9

እማማ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ይህን ያህል ድምፄን ያጠፋሁት ረስቼዎት አይደለም። ባለፈው ደብዳቤዎ «የደበቅሽኝ ነገር አለ፣ ከእጅ ጽሑፍሽ አውቄዋለሁ» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ትራሴ ስር አድርጌው ስንት ጊዜ መልስ ጀምሬ እንደቀደድኩ አይጠይቁኝ። ጆሮዎ ስልክ ቢሰማ ኖሮ በአንድ ትንፋሽ ነግሬዎት በተገላገልኩ። ግን ባለፈው በባለሱቋ ስልክ ስንነጋገር ወሬዬን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ እርስዎ ብቻ እንዳልሰሙት አልረሳሁም።

በጽሑፍ ይኸው። አርግዣለሁ፣ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። እባክዎ ገና ደስ እንዳይልዎት።

የመጀመሪያው መኖሩን ሳላውቅ ነበር የሄደው። ሁለተኛው ግን ስድስት ወር ሞልቶት ነበር። ልብሱን ሁሉ አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ መሳቢያውን ሞልቼው ነበር። ከሆስፒታል ስመለስ ያንን መሳቢያ ባዶ ያደረገው ልጅዎ ነው፤ እኔ ክፍሉ ውስጥ መግባት አልቻልኩም። ስለዚህ አሁን አንዲት ካልሲ እንኳ እዚህ ቤት አትገባም ብያለሁ። «የፈሩት ይደርሳል» ይባል የለ? እኔ ደግሞ ተስፋ ያደረግሁትም እንደማይደርስ አይቻለሁ።

ሐኪሙ ከአልጋ ብዙ እንዳልነሳ አዞኛል። ማተሚያ ቤቱ ደግ ሆኖ ሥራዬን ቤት እንድሠራ ፈቀደልኝ፤ የሥራ ባልደረባዬ በየሳምንቱ የሚታረመውን ታመጣልኛለች። እንደሚያውቁት ሌላው ሰው መጽሐፍ ሲገልጥ ጽሑፉን ያያል፣ እኔ የማየው ስህተቱን ነው። አሁን ሰውነቴንም እንደዚያ ማንበብ ጀምሬያለሁ። ሆዴ ትንሽ ሲቆርጠኝ «ይኸው ጀመረ» እላለሁ፤ ሳይቆርጠኝ ሲውል ደግሞ «ምነው ዝም አለ?» እላለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ለልጅዎ እንዳይነግሩብኝ። መርከብ ላይ ሆኖ ምን ያደርጋል? ሁለት ጊዜ አስለቅሼዋለሁ፣ ሦስተኛውን ውሃ መሀል እንዲያለቅሰው አልፈልግም።

ደግሞም ልጠይቅዎት። ያን ጊዜ የልጅዎ መርከብ ማዕበል ውስጥ ገባ ተብሎ ሲወራ እኔ መሬት ለመሬት ስንከባለል እርስዎ እራት ሠርተው አበሉኝ፣ ጸለዩ፣ ከዚያ ተኝተው አንኮራፉ። ሲፈጠሩ እንዲህ ሆነው ነው ወይስ ተምረውት? ተምረውት ከሆነ እኔንም ያስተምሩኝ።

ፈሪዋ ምራትዎ


ጥቅምት 21

ሚዳቋዬ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሥራ ቦታ ነው። ቆሜ አነበብኩትና ሳቅኩም አለቀስኩም፤ የላውንደሪው ሴቶች ይቺ አሮጊት ለየላት ብለው ተጠቃቀሱ። ደስ እንዳይልዎት ብለሽ ታዢኛለሽ? ደስታ በትእዛዝ የሚቆም መስሎሻል። ደስ ብሎኛል፣ ምን ታመጪ?

ፊደሌን ግን አታርሚብኝ። በቀይ አስምረሽ የምትመልሺልኝ እየመሰለኝ እጄ ይፈራል።

የልጄን ነገር በተመለከተ፣ ሳይጠይቀኝ አልነግረውም። ከጠየቀኝ ግን አልዋሽም። ለልጄ ዋሽቼ አላውቅም፣ በእርጅናዬ አልጀምርም። ይህን ከወዲሁ እወቂው።

አትጨነቂ ብዬ አልመክርሽም። አትጨነቂ የተባለ ሰው ጭንቀቱ ሳያንሰው መጨነቁ ደግሞ ያስጨንቀዋል። ይልቅ ሥራዬን ልንገርሽ፣ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።

የምሠራበትን ክፍል አይተሽዋል። በጓሮ በኩል ጆሮዬን የበሉት ማጠቢያ ማሽኖች፣ ጣሪያው ላይ የእንፋሎቱ ቧንቧ፣ በመስኮቱ በኩል የእኛ የመተኮሻ ጠረጴዛዎች። ጠዋት ስገባ ቅርጫቱ ከወገቤ በላይ ሞልቶ ይጠብቀኛል። አዲስ የሚቀጠሩት ቅርጫቱን ከፊታቸው ነው የሚያስቀምጡት። እጃቸው አንዱን ይተኩሳል፣ ዓይናቸው ክምሩ ላይ ነው። ምሳ ሳይደርስ ይዝላሉ፣ ኮሌታውም ጠማማ ሆኖ ይወጣል። እኔ ቅርጫቱን ከኋላዬ አደርገዋለሁ። እጄን ወደ ኋላ እሰድና የመጣልኝን አንዱን እስባለሁ። ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ ያለው ሸሚዝ እሱ ብቻ ነው።

ባለቤቱን አላውቀውም፣ ግን እጸልይለታለሁ። ኮሌታው በላብ ያለቀ ከሆነ «አሳርፈው» እላለሁ። ቁልፉ የተነቀለ ከሆነ «የሚተክልለት ሰው ስጠው» እላለሁ። አንድ ዳኛ አሉ፣ ነጭ ሸሚዛቸው እጅጌው ላይ ሁልጊዜ ቀለም አይጠፋውም። ለእሳቸው ስንት ዓመት ሙሉ «ሲፈርዱ እጃቸው አይሳት» ስል ኖሬያለሁ። የራሴ ጭንቀት ሲመጣብኝም ያው ነው። ክምሩ የጌታ ነው። ክምሩን እሱ ይየው፣ ለእኔ አንድ አንዱን ያቀብለኝ። ነገን ለነገ ተዉት ያለው እሱ ራሱ አይደለም?

አንቺም ዛሬን ብቻ ሳቢ። ዛሬ ልጅሽ ሆድሽ ውስጥ አለ። የዛሬው ሸሚዝ ይኼ ነው፣ እሱን ተኩሺ።

ሲፈጠሩ ነው ወይስ ተምረውት ነው ላልሽው፣ ሌላ ቀን እመልስልሻለሁ።

አማትሽ


ኅዳር 4

እማማ፣

አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ። የላኩልኝም ፎጣ ከነማስታወሻው ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አይቀየሙኝና ግን እማማ፣ ሸሚዝ ሸሚዝ ነው። ሸሚዝ ቢቃጠል ሌላ ይገዛል። ለእርስዎ ቅርጫቱን ከኋላ ማድረግ ቀላል ነው፣ ክምሩ ውስጥ ያለው የሰው ልብስ ነው። የእኔ ክምር ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ሞክሬያለሁ። ጀርባዬን ሰጥቼ ስተኛ አንገቴ ዞሮ ያየዋል።

በማስታወሻው ትጸልያለሽ ወይ ብለውኛል። እጸልያለሁ፣ ጸሎቴ ግን ጸሎት አይመስልም። ለእግዚአብሔር ሊሳሳት የሚችልበትን ቦታ ሁሉ እያሰመርኩ ነው የማሳየው። «እዚህ ጋ ባለፈው አምልጦሃል፣ እዚህ ጋ ተጠንቀቅ» እለዋለሁ። ከታተመ በኋላ ማረም አይቻልማ። በእንዲህ ዓይነት ጸሎት የሚቆጣ ከሆነም እሱንም እፈራለሁ።

ኅዳር 7

ይህን ደብዳቤ ሳልልከው ቆይቷል። ዛሬ ጠዋት ደም አየሁ። አዋላጇ መጥታ ነበር። ሆዴን ዳሰሰችና ሄዳ እጇን ታጠበች፤ እጇን ስትታጠብ በጣም ቆየች። ጨርሰሽ እንዳትነሺ ብላኛለች።

እንዳይመጡ። በዚያ ጉልበትዎ ሦስት ፎቅ አይወጡም፣ መንገዱንም አይችሉትም። ስለ ሸሚዙ ከላይ የጻፍኩትን ልሰርዘው ነበር፣ ግን አቅም የለኝም። ይጸልዩልኝ ብቻ።


ኅዳር 15

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እየጸለይኩልሽ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ሥራም ደህና ነው። ባለሱቋ ሰላም ብላሻለች፣ እሷም ደህና ናት። አየሩም እስካሁን ደህና ነው።

እግርሽን በትራስ ከፍ አድርጊው። ውሃ ጠጪ። በጻፍሽው አልተቀየምኩም፣ እሱን ከልብሽ አውጪው።

ጌታ አልጋሽ አጠገብ አለ። ይህን ለአፍ ያህል አልጻፍኩትም።

እናትሽ


ታኅሣሥ 1

እማማ፣

መጀመሪያ የሚጠብቁትን ልንገርዎት። ደሙ ቆሟል። አዋላጇ ትናንት የልብ ትርታውን አሰማችኝ፤ የልብስ ስፌት መኪና ነው የሚመስለው፣ ያለ ፋታ ይሰፋል። ልጅቱ ወይም ልጁ አለ። እኔም አለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። የላኩልኝን አጭር ደብዳቤ እንደ ሥራዬ አነበብኩት። «ደህና» የሚል ቃል በአንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ ይህን ያህል ሲደጋገም አይቼ አላውቅም፤ ጸሐፊው ሌላ ሰው ቢሆን ቀይ አሰምርበት ነበር። ሚዳቋዬ አላሉኝም። አልቀለዱብኝም። ስለ ሸሚዝ አንድም ነገር አላነሱም። ሸሚዝ ያላነሱበት ደብዳቤ ከእርስዎ ደርሶኝ አያውቅም።

ታመው ነው? ከሥራ አስወጡዎት? ወይስ ከልጅዎ የሰሙት ነገር አለ? «እሷ ራሷ ተጨንቃለች» ብለው የሚደብቁኝ ከሆነ፣ መደበቅዎ ነው ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ። እኔው ከልጅዎ የደበቅሁ ሰው ሆኜ ይህን መጻፌ ራሴንም አስቆኛል።

ምራትዎ


ታኅሣሥ 11

ሚዳቋዬ፣

ያዝሽኝ። አራሚ ምራት ያላት ሴት ሆድ ይፍጀው ማለት አትችልም ለካ። አልታመምኩም። ያሳፈረኝ ነገር ስላለ ነው።

ደም አየሁ ያልሽበት ደብዳቤ የመጣው ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። አነበብኩት፣ አጥፌ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፣ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ከፊቴ የነበረው የዳኛው ነጭ ሸሚዝ ነው። ካውያውን ደረቱ ላይ አሳረፍኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። እየጸለይኩ ነበር ብዬ ልጽፍልሽ አምሮኝ ነበር፣ ግን ውሸት ነው። አልጸለይኩም። ልቤ ሦስት ፎቅ ወጥቶ አልጋሽ አጠገብ እያለቀሰ ነበር። ከጎኔ ያለችው ሴት ጮኸችብኝ አሉ፤ እኔ ምን ልሰማ? ሽታው ነው ያነቃኝ። ካውያውን ሳነሳው ቅርጹ እንዳለ ደረቱ ላይ ቀርቷል፣ ቡናማ ሆኖ። በዚህ ሥራ ካረጀሁ ወዲህ አንድ መሀረብ አቃጥዬ አላውቅም። «ሸሚዝ ቢቃጠል ሌላ ይገዛል» ያልሽው ደብዳቤ ያኔ ኪሴ ውስጥ ነበር። በዚያ ሁሉ መሀል ሳቄ መጣ።

የላውንደሪው ባለቤት እኔ እነግራቸዋለሁ አለኝ፣ እምቢ አልኩ። ሸሚዙን በወረቀት ጠቅልዬ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ሰውየውን አይቻቸው አላውቅም ነበር። በሸሚዛቸው ልክ ሰፊ ሰው አድርጌ ነበር የማስባቸው፤ በሩን የከፈቱልኝ ግን ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፣ የለበሱት ሁሉ ሰፍቷቸዋል። እንደማልሰማ ስነግራቸው አስቀመጡኝና ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው መጡ። እኔም ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስለ ቃጠሎው፣ ስለ አንቺ፣ ስለ ደሙ፣ ሸሚዛቸውን በተኮስኩ ቁጥር ስንት ዓመት እንደጸለይኩላቸው። ማፈር ነበረብኝ፣ አላፈርኩም።

እስክሪብቶውን አነሱ። ከዚያ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ከባድ ፍርድ በነበረብኝ ቀን ሁሉ ብቻዬን የምገባ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጸሎትዎን ለብሼው ነበር የምገባው። እንግዲህ ተራው የእኔ ነው። የምራትዎን ነገር ዛሬ ለእኔ ይስጡኝ፣ እርስዎ ይረፉ።» ሸሚዙንም መለሱልኝ። ያን ቀን እቤቴ ገብቼ እውነትም አረፍኩ። ለሰው ሁሉ ስጸልይ ኖሬ አንድ ሰው እኔን ይሸከመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እኔ አልጨነቅም ብዬ አላውቅም፣ ያልሽው አንቺ ነሽ። ያኔ ማዕበሉ ጊዜ ያንኮራፋሁትም ደክሞኝ ነው። ጭንቀት አንዴ ጥለሽው የሚቀር ነገር አይደለም። እኔ አስተካክዬ የሰደድኩት ሸሚዝ በሳምንቱ ተጨማድዶ ይመለሳል። «ባለፈው ተኩሼህ አልነበር?» ብዬ አልቆጣውም፣ እንደገና እተኩሰዋለሁ። ጌታም እንደዚያው ነው። ትናንት ጥለሽብኝ አልነበር ብሎ አያውቅም። አንቺም እያሰመርሽ የምትጸልዪውን ጸልዪ፣ እሱ ከቀይ እስክሪብቶ የሚደነግጥ አይመስለኝም።

«የፈሩት ይደርሳል» ብለሽኝ ነበር። ይህን ያለው ሰው ፈርቶ ያልደረሰበትን አልቆጠረውም።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛው፣ ልጄ ጽፎልኛል። «የሚስቴ ደብዳቤ ቃሉ በዝቶ ነገሩ አነሰብኝ፣ ደህና ናት ወይ?» ይላል። እንግዲህ ጠየቀኝ። መልሱን አልጻፍኩም፣ ላንቺ ጊዜ ልስጥሽ ብዬ ነው። ከእኔ ከሚሰማው ካንቺ ይስማው። ሁለተኛው፣ አንድ ትንሽ ጥቅል አብሬ ልኬያለሁ። ካልፈለግሽ አትክፈቺው፣ አልቀየምሽም።

አማትሽ


ጥር 8

እማማ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ከማንበቤ የተነሳ ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ነው። ከዚህ በፊት አደንቅዎት ነበር፣ ልብዎ የማይነቃነቅ እየመሰለኝ። እንደዚያ ያለ ልብ የለኝም ብዬ ደግሞ ተስፋ እቆርጥ ነበር። አሁን የማደንቅዎት በሌላ ነው። እንደኔው የሚርድ ልብ ይዘው፣ የተቃጠለ ሸሚዝ አንጠልጥለው የማያውቁትን ሰው በር አንኳኩ። እኔ ብሆን ሸሚዙን ደብቄ ለሳምንት ታምሜ እተኛ ነበር።

ለልጅዎ ጻፍኩለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረቴ ላይ የነበረ ነገር ወርዷል። ምን ብሎ እንደሚመልስ አላውቅም፣ ግን ብቻዬን አይደለሁም።

ጥቅሉን አልከፈትኩትም ነበር። ምን እንደሆነ በእጄ ስዳስሰው ገብቶኛል። ባልደረባዬን ቁምሳጥኑ ላይ እንድትሰቅልልኝ ነገርኳት፣ እሷም ምንም ሳትጠይቀኝ ሰቀለችው። ከአልጋዬ ሆኜ አየዋለሁ፣ እሱም ያየኛል። እንዲህ ተፋጠን ከረምን።

በዚህ መሀል የማርመው ስለ ንብ እርባታ የሚያወራ መጽሐፍ መጣልኝ። እንዴት አሰልቺ እንደሆነ ልነግርዎት አልችልም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሆዴ ሲጠነክርብኝ ያ ፍርሃት ተነሳብኝ፣ የቀሩትን ገጾች ሁሉ ከጀርባዬ ትራሱ ስር አደረግሁና አንዷን ብቻ ሳብኩ። ጸሐፊውን አላውቀውም። ስለ ቀፎው ሲጽፍ ጎበዝ ነው፣ ንቦቹ ሲሞቱበት ግን ዓረፍተ ነገሩ እየተቆረጠ ይቀራል። «ጌታ ሆይ፣ ይህ ሰው ንቦቹ ብቻ አይደሉም የሞቱበት፣ አጽናናው» አልኩ። ቀጣዩን ሳብኩ። እንዲህ እያልኩ መጽሐፉ አለቀ። ቀና ስል መስኮቱ ላይ ፀሐይዋ ጠልቃለች፣ እኔም ያን ያህል ሰዓት መፍራቴን ረስቼዋለሁ። ወዲያው ትዝ ሲለኝ መጣብኝ እርግጥ ነው። ግን አንድ ጊዜ መርሳት ከተቻለ ሁለተኛም ይቻላል።

በማግስቱ ባልደረባዬን ጥቅሉን አውርጂልኝ አልኳትና ከፈትኩት። እማማ፣ ሸሚዙ እንዴት ትንሽ ነው። ኮሌታው ከአንድ ጣቴ አይበልጥም። ከዳኛው ሸሚዝ እንደተሰፋ ገብቶኛል፣ እንዴትስ ለስላሳ ነው። ፊቴ ላይ አድርጌው አለቀስኩ፣ ግን ያ መሳቢያ ባዶ የሆነ ቀን ያለቀስኩት ዓይነት ልቅሶ አይደለም። ሸሚዙን መሳቢያው ውስጥ አስቀምጫለሁ። ብቻውን ነው ያለው። ስድስተኛውን ወር አልፌያለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ታችኛው ጠርዝ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ቡናማው ቃጠሎ ትንሽ ቀርቷል። አምልጦዎት ነው? ያመለጠ ነገር ሳይ ዝም ማለት እንደማልችል ያውቃሉ።

ምራትዎ


የካቲት 2

ሚዳቋዬ፣

አላመለጠኝም። ጨርቅም አንሶኝ አይደለም። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ልጁ አድጎ ሲጠይቅሽ «አያትህ ስለ አንተ ፈርታ ያቃጠለችው ነው፣ ከዚያው ደግሞ የተሰፋልህ ነው» ትይዋለሽ።

ልጄ ጽፎልኛል። ደብዳቤሽን ያነበበው መርከቡ ላይ ገመድ ተደግፎ ነው፣ አለቃው የሰው ሞት የመጣበት መስሎት ኮፍያውን አወለቀለት አለኝ። በሚቀጥለው ወደብ እንዲያወርዱት ጠይቋል። ስለ ደበቅሽው አልተቆጣም፣ እንደ ልጅ አልቅሷል ብቻ። አባቱም እንደዚያ ነበር።

አሁን ያቆየሁብሽን መልስ ልስጥሽ። ተምሬው ነው።

ከባልሽ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ። መሄድ ሳትጀምር ነው የሄደችው። ባልሽ አያውቅም፣ ከአባቱ ሌላ ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ አንቺ ሁለተኛ ነሽ። ባልሽ ሲወለድ ዓይኔን ከእሱ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። ያኔ ጆሮዬ ይሰማ ነበር፣ ሲተኛ አፍንጫው ስር ጆሮዬን ደቅኜ ትንፋሹን አዳምጥ ነበር። አንድ ቀን ወደ ደጃፍ ሲድህ ሮጬ አፈፍ አድርጌ አነሳሁት። ደጃፉ ላይ ምንም የለም፣ ፀሐይ ብቻ ነው። ልጁ ፊቴን አየና ጮኸ። ደጃፉ አላስፈራውም፣ ያስፈራው የእኔ ፊት ነው። ልጄ ከእኔ ፍርሃት ሲማር አየሁት።

ያን ቀን እሱን እንደታቀፍኩ ተንበረከክሁ። «ይህ ልጅ ያንተ ነው፣ እኔ ሞግዚቱ ነኝ። የአንተን ልጅ በፍርሃት ላሳድግብህ አልፈልግም፣ እርዳኝ» አልኩት። በማግስቱም አልኩት። ትምህርት ቤት ሲገባ አልኩት። መርከብ ላይ እቀጠራለሁ ያለኝ ቀን ጥርሴን ነክሼ አልኩት። ቅርጫቱን ከኋላዬ ማድረግ የጀመርኩትም በዚያ ሰሞን ነው። አንቺ «ለእርስዎ ቀላል ነው» ስትዪኝ ያልመለስኩልሽ ለዚህ ነበር። ልጄ ሆይ፣ ቀላል አልነበረም። ግን ይቻላል፣ ከሚያግዝ ጋር ስለሆንሽ።

አማትሽ


የካቲት 21

እማማ፣

የመጨረሻውን ደብዳቤዎን በምን እንደምመልሰው አላውቅም፣ ስለዚህ አልመልሰውም። ስንገናኝ እጅዎን እስማለሁ።

በአጭሩ እጽፋለሁ፣ እጅና እግሬ አባብጧል። የደም ግፊቴ ከፍ ስላለ ሐኪሙ ቀኑ እስኪደርስ አልጠብቅም፣ በቀዶ ጥገና አወጣዋለሁ ብሏል። በሚቀጥለው ሳምንት ሆስፒታል እገባለሁ። ልጅዎ የተሳፈረበት መርከብ ገና ወደብ አልደረሰም። ሐኪሙ ሊከሰት የሚችለውን ሁሉ ዘርዝሮ አስረዳኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔ ነበርኩ ዝርዝሩን የምጨምርለት። ዝም ብዬ ሰማሁትና ስወጣ ለእሱ ጸለይኩለት፣ እጁ እንዳይስት።

እፈራለሁ። እንዳልፈራሁ አድርጌ አልጽፍልዎትም፣ ከእርስዎ የተማርኩት ይህን አይደለም። ግን ፍርሃቱን ይዤው አልገባም፣ በየጠዋቱ ለባለቤቱ አስረክበዋለሁ። ሸሚዟን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ሌላም ገዝቻለሁ፣ ሁለት ካልሲ።

የሆነውን ባልደረባዬ በባለሱቋ ስልክ ትናገራለች።

ሚዳቋዎ


መጋቢት 1

ሚዳቋዬ፣

ሰላምታውን ኋላ እመጣበታለሁ፣ መጀመሪያ ትናንት የሆነውን ልንገርሽ፣ አለዚያ ሆዴ ውስጥ አይቀመጥልኝም።

እየተኮስኩ ሳለ ስልክ መጥቶልሻል ብለው በምልክት ነገሩኝ። ካውያውን ነቀልኩና (ተምሬያለሁ) እያነከስኩ ሱቁ ደረስኩ። ባለሱቋ ስልኩን ይዛ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። ታውቂያታለሽ፣ ይህች ሴት ስታዝንም ስትደሰትም ፊቷ አንድ ነው። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ምን እንደምትል አይገባኝም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ደቀነችልኝ። ምንም የለም። ዝም ነው።

የዱቄቱን ጆንያ ተደግፌ ቆምኩ። ሞታችሁ ይሁን ድናችሁ አላውቅም። እዚያ አጠገቤ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እኔ ብቻ አላውቅም። እንደዚያች ቅጽበት ፈርቼ አላውቅም፣ ልጄን በቀበርኩ ቀን እንኳ፤ ያን ቀን ቢያንስ አውቄው ነበር። ያን ጊዜ በልቤ «ጌታ ሆይ፣ እኔ አልሰማሁም፣ አንተ ሰምተሃል። አንተ የሰማኸውን እቀበላለሁ። አመሰግንሃለሁ» አልኩ። ከልቤ ነበር። ጆንያውን የሙጥኝ ብዬ ነው ያልኩት፣ ውስጤ ግን ጸጥ ብሎ ነበር። ይህን የምነግርሽ ለመመካት አይደለም። መልሱን ካወቁ በኋላ ማመስገን ማንም ይችላል፤ ሳላውቅ ማመስገን እንደሚቻል ግን እኔም ትናንት ነው ያወቅሁት። በዚህ ዕድሜዬ።

ባለሱቋ ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና ከስኳር መጠቅለያው ወረቀት ቀድዳ ጻፈችልኝ። «ሴት ናት። ትንሽ ናት፣ ግን ትጮኻለች። እናትየዋም ደህና ናት።» ስልኩ ውስጥ የነበረው የሕፃኗ ጩኸት ነው፣ ባልደረባሽ ስልኩን አጠገቧ ወስዳው ብላም ጨመረችበት። ሴት የሚለውን ሳነብ እዚያው ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ፣ ዱቄት በዱቄት ሆንኩ።

እንግዲህ እንኳን እግዚአብሔር በሰላም ገላገለሽ። እንኳን እናት ሆንሽ። ያን ሁሉ ወር ተኝተሽ፣ እየፈራሽ፣ በየቀኑ አንድ አንድ እየሳብሽ እዚህ ደረስሽ። አንቺ እኔን አደንቃለሁ ትያለሽ፤ እኔ በሃያ ዓመት የተማርኩትን አንቺ በአንድ እርግዝና ነው የተማርሽው። ሚዳቋ ማለቱን ልተው ይሆን? አልተውም፣ ለምጄዋለሁ።

ወረቀቷን ይዤ ዳኛው ዘንድ ሄጄ ነበር። አነበቧት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ እንደገና አነበቧት። ከዚያ ገብተው ሌላ ነጭ ሸሚዝ አመጡልኝ፣ ላዩ ላይ «ይህኛውን ሳያቃጥሉ» የሚል ብጣሽ ወረቀት አድርገው። ልጄም ከመርከብ ወርዷል፣ አውቶቡስ ላይ ነው፣ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል።

እኔም ሐሙስ እነሳለሁ። ሦስት ፎቅ ነው እንዳትዪኝ። ደረጃ እንደ ሸሚዝ ነው፣ አንድ አንዱን ነው የሚወጣው። የላውንደሪው ባለቤት ፈቅዶልኛል፣ ባይፈቅድም እሄድ ነበር።

አንድ የማላውቀው ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ሸሚዟ ሰፋቻት ወይስ ልክ ሆነቻት? መልሱን አትጻፊልኝ። መጥቼ አያለሁ።

የልጅሽ አያት